ጉልቻ የተለየበት ክፍል
በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ከተሞች ነባር ቤትን ከፍሎ በሕጋዊ መንገድ ስለ ማከራየት
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



መስከረም ሲጠባ በመሐል ሜዳ፣ በሞላሌ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ሰፈሮች አንድ የተለመደ ነገር ይታያል። ከየገጠሩ ቀበሌ የመጡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአባታቸው ወይም ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ሆነው፣ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ የሚከራይ ክፍል ይጠይቃሉ። በአህያ የተጫነው ስንቅ፣ ማለትም በሶው፣ ሽሮው፣ በርበሬውና ለማገዶ የሚሆነው ኩበት፣ ክፍሉ እስኪገኝ ድረስ ከአህያው ጋር ደጅ ይቆማል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት የብዙ ትምህርት ቤቶችን በር ስለ ዘጋ ልማዱ በየስፍራው የተቋረጠበት ጊዜ አለ። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት ሁሉ ግን የክፍል ፍለጋውም አብሮ ይከፈታል። በእነዚህ የደጋ ወረዳዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማደሪያ ቤቱ በከተሜው ጓሮ የሚገኘው አንድ ክፍል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሌላ አገር ተመድቦ የሚመጣው መምህርና የጤና ጣቢያ ሠራተኛም የሚያድረው እዚያው ነው።

የክፍሉ ባለቤት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሀብታም አይደለም። ባሏ የሞተባት እናት፣ የጡረታ አበል የሚቀበል ሽማግሌ፣ ወይም ልጆቹ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን የገቡበት አባወራ ነው። በየወሩ በጥሬ ገንዘብ የሚያገኘው ገቢ ይኸው ኪራይ ብቻ የሆነ ሰው ጥቂት አይደለም። በሁለቱ ወገኖች መካከል ግን ወረቀት የለም፤ ክፍሉም በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ውስጥ የለም። ተከራይ አለ፣ አከራይ አለ፣ ኪራይ አለ፤ ቤቱ ግን በሕግ ፊት አልተወለደም። የዚህ ንግግር ጉዳይ ይህ ክፍል እንዴት በሕግ ሊታወቅ እንደሚችልና ይህ እንዲሆን ባለሙያው ምን ማድረግ እንደሚገባው ማመልከት ነው።

በቅድሚያ አንድ ቤት በውስጡ ሌላ ቤት ሊይዝ ይችላል የሚለው አሳብ ለአገሩ ሰው እንግዳ አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ወንድ ልጅ ሲያገባ ጎጆ ይወጣል፤ ይሁን እንጂ ጎጆው ብዙ ጊዜ የሚቀለሰው በአባቱ ግቢ ውስጥ፣ ከአባቱ ደጅ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ነው። አንድ ግቢ ሁለት ቤት ሆነ የሚባለው ግድግዳው ሲቆጠር ሳይሆን ጉልቻው ሲቆጠር ነው። «ጭሰኛ» የሚለው የቀድሞው ስያሜም በሌላ ሰው መሬት ላይ የራሱን ጭስ የሚያጤስ ሰው ማለት እንደ ነበረ ቃሉ ራሱ ይናገራል። እንግዲህ የአገሩ ልማድ ከማናቸውም የሕንፃ ደንብ አስቀድሞ የተለየ መኖሪያ ማለት የተለየ እሳት ያለበት ማለት እንደሆነ ወስኖ ነበር። ይህ ውሳኔ መጥፎ መነሻ አይደለም፤ ሆኖም ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ አይናገርም። ይህን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ክፍሉ ለምን ከመዝገብ ተደበቀ? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው የተለመደ መልስ «ባለቤቱ ግብር ለመሸሽ ነው» የሚል ነው። መልሱ ከፊል እውነት አለበት፤ ነገር ግን የነገሩን ሥር አይነካም። ሥሩ ያለው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው፣ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ላይ ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ሆነ፤ የቦታውም ስፋት ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ግለሰብ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘቱም ተከለከለ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆኑት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌዎች፣ ከፍተኛ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። አዋጁ በሰፊው የሚነገርለት በአዲስ አበባ ቪላዎችና ፎቆች ቢሆንም የትንንሽ ከተሞችንም ቤት ነክቷል። «ትርፍ» የሚለው ቃል እስከዚያ ቀን ድረስ የበረከት ቃል ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚወሰድ ነገር ስም ሆነ።

ከዚህ በኋላ ባለ ሁለት በር ቤት ያለው ሰው አንዱን በር መድፈኑ፣ የጓሮውን ክፍል «ወጥ ቤት ነው» ማለቱ፣ ተከራዩንም «የእኅቴ ልጅ ነው» ብሎ ማስተዋወቁ የሚያስደንቅ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 292 የግል ቤት ሥራን በመጠኑ ሲያበረታታና በደባልነት አብሮ መኖርን መስመር ለማስያዝ ሲሞክር እንኳን ፍርሃቱ አልለቀቀም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ማንም ኢትዮጵያዊ በመሬት ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በሚገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 47 ያስከተለው ክልከላም ካለፈ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ይሁን እንጂ እናት ለልጇ ያወረሰችው ምክር ከሕጉ ይልቅ ዕድሜ አለው፤ ምክሩም «ክፍል አለኝ ብለህ ለቀበሌ አትናገር» የሚል ነው። ባለሙያው ይህን ምክር በንቀት ሊያልፈው አይገባም። በጊዜው ትክክለኛ ምክር ነበርና።

አሁን ግን የመደበቁ ዋጋ ከመታወቁ ዋጋ በልጧል። በሕግ ያልታወቀ ክፍል በመንገድ ሥራ ምክንያት ቢፈርስ ባለቤቱ ካሳ ለመጠየቅ የሚያቀርበው ማስረጃ ያንሰዋል። ባለቤቱ ሲሞት ወራሾች ክፍሉን ማን ሠራው፣ በማን ገንዘብ ተሠራ በሚል ክርክር ዓመታት ይፈጃሉ። ተከራይ ኪራይ ቢያስቀር በምን ውል ይጠየቃል? በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ነገር በፍጹም ሊዘነጋ አይገባም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት የሕንፃውን ባለቤት ኀላፊ ያደርገዋል። ይህ ኀላፊነት ክፍሉ ፈቃድ ያለው ወይም የሌለው መሆኑን ጠይቆ የሚመጣ አይደለም። ስለዚህ የተደበቀው ክፍል ባለቤት መብቱን ሲደብቅ ዕዳውን ሊደብቅ አልቻለም ማለት ነው።

ወደ ሕጋዊነት የሚወስደው መንገድ በሦስት በሮች ያልፋል። የመጀመሪያው ይዞታው ነው፤ ባለቤቱ የቦታውን ካርታ ወይም የነባር ይዞታ ማስረጃ ሊይዝ ይገባል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818 ዓላማ የእያንዳንዱ ቁራሽ ቦታ ድንበርና መብት ተረጋግጦ እንዲመዘገብ ነበር። በአሮጌዎቹ የደጋ ከተሞች ብዙ ቤት በቃል ውርስ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈ በመሆኑ ሥራው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ክፍሉን ለማስፈቀድ የሚሄድ ሰው የአያቱን የውርስ ጉዳይ ሳይጨርስ መመለሱ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው በር የግንባታ ፈቃድ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ተራውን ዝቅተኛ መኖሪያ ቤት ከሁሉ በቀለለው በምድብ «ሀ» አስገብቶት ነበር። አዲስ ግንባታ ብቻ ሳይሆን ማሻሻልና የአገልግሎት ለውጥም ፈቃድ እንደሚያስፈልገው ደንግጎ ነበር። የዚህ አዋጅ ተፈጻሚነት በመጀመሪያ የታሰበው የሕዝባቸው ቁጥር 10,000 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ከተሞች ስለ ነበር ትንንሾቹ የደጋ ከተሞች የክልሉን ውሳኔ ጠባቂ ሆኑ። ከዚህ የተነሣ የአንዱ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ሙሉ ንድፍ ሲጠይቅ የሌላው በእጅ በተሣለ ንድፍ የሚረካበት ሁኔታ ተፈጠረ። ይህን መዘበራረቅ ማስተካከል የማዘጋጃ ቤቶቹ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ለአንዲት ክፍል የሚበቃ፣ በአንድ ገጽ ላይ የሚያልቅ፣ ባለቤቷም አይታ የምትረዳው የንድፍ አብነት ማዘጋጀት ለማኅበሩ አባላት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለአንድ ክፍል የሚጠየቀው ንድፍና ማመልከቻ ከጥቂት ወራት ኪራይ በላይ ካስወጣ ማንም አስተዋይ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፤ ጠያቂ ካልመጣ ደግሞ ሕጉ በመዝገብ ቤት ተቀምጦ ይቀራል።

ሦስተኛው በር ውልና ግብር ነው። የኪራይ ገቢ በገቢ ግብር ሕግ በሠንጠረዥ «ለ» የሚታይ ሲሆን ባለቤቱ ለጥገናና ለመሰል ወጪዎች ተቀናሽ እንዲያዝለት ይፈቀዳል። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ ከሚገባው በላይ ይፈራሉ።

ወደ ቤቱ እንግባ። በመንዝ እንጨት ስለሚጠብብ ቤቱ ከጥንት ጀምሮ የድንጋይ ነው፤ ጣራውም በጓሳ ሣር ይከደን ነበር። የጓሳውን ሣር ማጨድ እንደ ልብ የሚደረግ አልነበረም። ሕዝቡ በራሱ ሥርዓት ሜዳውን ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅና በተወሰነ ጊዜ ይከፍተው ነበር። በከተማ ሣሩን ቆርቆሮ ተክቶታል፤ ግድግዳው ግን በአሮጌዎቹ ሰፈሮች ዛሬም በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፤ ውፍረቱም ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት ያቆያል። 3,000 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ላለችው ለመሐል ሜዳ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው። ክፍሉን ለመለየት አዲስ በር ሲከፈትበት ግን ይኸው ግድግዳ አደገኛ ይሆናል።

በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ በእውነቱ ሁለት ግድግዳ ነው። የውጩና የውስጡ ፊት በመካከል በጠጠርና በጭቃ ተሞልተው፣ እዚህም እዚያም በሚያልፉ ረጃጅም ድንጋዮች ይያያዛሉ። አናጢው በሩን ሲከፍት ከበሩ በላይ አንድ ወራጅ ብቻ በውጩ ፊት ላይ ካጋደመ የውስጡ ፊት ተሸካሚ ያጣል። ወዲያው ባይወድቅ እንኳን ከአንድ ወይም ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ጭቃው ውሃ ሲጠጣ፣ ሆዱን ይነፋል። ስለዚህ ተሸካሚው የግድግዳውን ሙሉ ውፍረት የሚሸፍን፣ በሁለቱም ወገን በግድግዳው ላይ በደንብ የተደገፈ ሊሆን ይገባል። በሩም ከማዕዘኑ ቢያንስ አንድ ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ግድግዳው ከመፈልፈሉ በፊትም ጣራው በምሰሶ ይደገፋል። ይህን ለአናጢው በቃል መንገር ብቻ አይበቃም፤ በአብነቱ ገጽ ላይ መሣል አለበት።

ቀጥሎ የመለያው ግድግዳ ይመጣል። በብዙ ቤቶች ተከራዩን ከባለቤቱ የሚለየው በጋዜጣ የተለበጠ ማዳበሪያ ወይም እስከ ሰው ቁመት ብቻ የደረሰ የጭቃ ግድግዳ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እስከ ቆርቆሮው ድረስ ክፍት ነው። በዚያ ክፍት ቦታ ድምፅ ያልፋል፣ ጭስ ያልፋል፣ እሳት ቢነሣ እሳቱ ያልፋል፤ ሌባም ያልፋል። ተከራይዋ ልጃገረድ ብትሆን ከጎረቤት ክፍል በግድግዳ ላይ ተንጠላጥሎ የሚገባ ሰው ሥጋት ሌሊቱን ሙሉ አብሯት ያድራል። ስለዚህ መለያው እስከ ጣራው ድረስ ሊደርስ ይገባል። በሩም ከውስጥ የሚቆለፍ፣ መንገዱም በባለቤቱ እልፍኝ ውስጥ የማያልፍ ይሁን። መጸዳጃ ቤቱ ለተከራይዋ በሌሊት የሚደረስና ከውስጥ የሚዘጋ መሆኑ እንደ ተጨማሪ ምቾት የሚታይ አይደለም፤ ብዙ ልጃገረዶች ትምህርታቸውን የሚጨርሱበት ወይም የሚያቋርጡበት ጉዳይ ነውና።

አሁን ወደ ጭሱ እንመለስ። ተማሪዎቹ ከብርዱ የተነሣ በርና መስኮት ዘግተው፣ ቀዳዳውንም በጨርቅ ደፍነው፣ ከሰል ያቀጣጠሉበትን ምድጃ አልጋ ሥር ያስጠጋሉ። ከሰሉ ጭሱ ሲጠፋ «ነጽቷል» ተብሎ ይታመናል። መርዙ ግን ከጭሱ ጋር አይጠፋም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ይህ አየር ሽታም መልክም የለውም፤ የተኛ ሰው ራስ ምታቱን እንኳን ሳያውቅ በዚያው ያሸልባል። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነ፣ ቁመቱም 2 ሜትር ከ40 የሆነ ክፍል የሚይዘው አየር 22 ሜትር ኩብ እንኳን አይሞላም፤ በዚያ ውስጥ ሦስት ተማሪዎች ይተኛሉ። መድኃኒቱ ውድ አይደለም። አንድ የማይዘጋ ቀዳዳ ከወለሉ አጠገብ፣ ሌላ የማይዘጋ ቀዳዳ ከጣራው ሥር፣ ሁለቱም በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ፣ የሚተነፍሱትም ወደ ደጅ እንጂ ወደ ባለቤቱ ክፍል ያልሆነ። ሆኖም ቀዳዳዎቹ ከሰሉን ከመኝታ ክፍል ማስገባትን የተፈቀደ አያደርጉትም፤ ማብሰያው ከመኝታው ውጭ፣ በረንዳ ላይ በተጠጋ ጠባብ ጥግ ቢሠራ ይመረጣል። ያለዚህ ክፍሉ ሊፈቀድ አይገባም። ሌላው ሁሉ ቢጎድል ሊታገሡት ይቻል ይሆናል።

ዓለም ከተማ ከመንዝ ደጋ ዝቅ ያለች ስለሆነች ብርዱ ያን ያህል አይከፋም። በዚያ ችግሩ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ቀን የሚያግል፣ ዝናብ ሲጥልም ንባብ የሚያስተው መሆኑ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክም አንድ ቃል ያስፈልጋል። በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሁለት ጉልቻዎች የሚጣሉት በኪራዩ ሳይሆን በምጣዱ ነው። ባለቤቷ መብራቱን ከሦስት ሰዓት በኋላ ማጥፋቷ፣ ተማሪውም ለፈተና በሻማ ማጥናቱ የታወቀ ነው። ለክፍሉ የራሱ ማቋረጫና ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ከአንድ ወር ጠብ ይረክሳል።

በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከሌላ ወገን ያውቁታል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ብዙዎች ኑሯቸውን የጀመሩት በሰው ቤት ቤዝመንት ነው፤ በኋላም የራሳቸውን ቤት ገዝተው ቤዝመንቱን በማከራየት የባንክ ዕዳቸውን የከፈሉ አሉ። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2016 በሥራ ላይ ባዋለችው የቦታ አጠቃቀም ደንብ በአብዛኞቹ የመኖሪያ ሰፈሮች ባለቤቱ በቤቱ ውስጥ አንድ ተጨማሪ መኖሪያ እንዲያዘጋጅ ልዩ ችሎት ሳይጠይቅ ፈቀደች። በዚያ የሚጠየቀው የጣራው ከፍታ፣ በእሳት ጊዜ ሰው የሚወጣበት መስኮትና የማከራየት ፈቃድ ነው። ደንቡን እንዳለ ወደ መሐል ሜዳ ማምጣት ከንቱ ቢሆንም አካሄዱ ግን ይጠቅማል። በመጀመሪያ «ይቻላል» ይባላል፤ ከዚያም ለሕይወት የሚያሰጉት ጥቂት ነገሮች ብቻ ያለ ማወላወል ይጠየቃሉ። በአገራችን ማዘጋጃ ቤቶች የተለመደው ግን ሁሉንም ነገር ጠይቆ፣ አንዱ ሲጎድል ሁሉንም መከልከል ነው።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። አዋጁ የተጻፈው የአዲስ አበባን ተከራይ ችግር በማሰብ እንደሆነ ከአንቀጾቹ ይነበባል። ለዚያ ተከራይ የሁለት ዓመት ዋስትና ትልቅ ነገር ነው። የመንዝ ተማሪ ግን የሚከራየው ከመስከረም እስከ ሰኔ ለዐሥር ወር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ክፍሉ ባዶ ይሆናል፤ በመስከረምም ምናልባት ሌላ ልጅ ይመጣል። አዋጁ በእነዚህ ከተሞች ሥራ ላይ በሚውልበት ጊዜ ለተማሪ ኪራይ የትምህርት ዓመቱን የተከተለ ውል እንዲታሰብለት ለክልሉ ማሳሰብ ተገቢ ይሆናል። ያለዚያ ባለቤቷ ልትፈጽመው የማትችለውን የሁለት ዓመት ወረቀት ከምትፈርም «የእኅቴ ልጅ ነው» ወደሚለው የቀድሞ መልስ ትመለሳለች። በተቃራኒው ስለ ቅድሚያ ክፍያ የተደነገገው እንዳለ ሊጠበቅ ይገባል። የገጠር አባት የዓመቱን ኪራይ በአንድ ጊዜ ክፈል ሲባል የሚሸጠው በግ ነው፤ በመስከረም ወር ደግሞ የሚሸጠው በግ ለዘመን መለወጫ ካልሄደ ዋጋው ይወድቃል።

በመጨረሻ ስለ ጊዜው መናገር ይቀራል። የድንጋይና የጭቃ ሥራ በክረምት አይሠራም፤ በሰኔ የተፈለፈለ ግድግዳ ሐምሌን አያልፍም። ክፍሉ ለመስከረም እንዲደርስ ግድግዳው በየካቲትና በመጋቢት ተከፍቶ በግንቦት መድረቅ አለበት። ስለዚህ ማመልከቻው በኅዳርና በታኅሣሥ ለማዘጋጃ ቤት ሊገባ ይገባል። አባላቱ በየከተማው በነጻ ምክር የሚሰጡበትን ቀን የሚወስኑ ከሆነ የሚመረጠው በእነዚሁ ሁለት ወራት የሚውል የገበያ ቀን ነው፤ የክፍሉ ባለቤትም የተማሪውም አባት በዚያ ቀን ከተማ ውስጥ ይገኛሉና።